ዕጣው ከወጣ በኋላ

ለብዙ ዓመታት አዲስ የተመረቀ ኢትዮጵያዊ ሐኪም የት ሄዶ እንደሚሠራ የሚወስነው ዕጣ ነበር። ተመራቂዎች አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ የክልሎች ስም የተጻፈባቸው ወረቀቶች ይጠቀለላሉ፤ ስሙ የተጠራ እጁን ሰዶ የእንጀራውን አገር ያወጣል። አንዱ አዲስ አበባ ወጥቶለት ጓደኞቹ ያጨበጭቡለታል። ሌላዋ ስሙን እንጂ መንገዱን የማታውቀው ጠረፍ ደርሷት ለእናቷ እንዴት እንደምትነግራት ታሰላስላለች።

ዕጣ ለማንም አያዳላም፤ የማንንም ሁኔታ ግን አያውቅም። የታመመ አባት የምታስታምመውን፣ ትዳር የያዘችውን፣ እዚያው ጠረፍ ተወልዶ ወደ ቀዬው መመለስ የሚመኘውን ልጅ ከሌላው አይለይም። ዕጣው የወጣ ዕለት ሐኪሙ «ተመደበ» ተብሎ በሪፖርት ይሰፍር ነበር። ማደሪያ ቤት አገኘ ወይ? የተረኛነት ክፍያው በወሩ ደረሰው ወይ? ዓመቱ ሲሞላ መልቀቂያ ተሰጠው ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች በሪፖርቱ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ይህንን ከዕጣው በኋላ ያለውን ዘመን ነው። ከእኛም ከሌላውም አገር ልምድ የምረዳው አንድ ነገር አለ፦ የጤና ሥርዓት ባለሙያውን የሚያጣው በአብዛኛው ቀጥሮት ሳለ የገባለትን ቃል ሲያፈርስ ነው።

ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ዓመታዊ ሪፖርት 57 አገሮች ከባድ የባለሙያ እጥረት ውስጥ እንዳሉ ሲገልጽ፣ መለኪያው ለ1,000 ሰው 2.3 ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ ነበር። ኢትዮጵያ ከ57ቱ አንዷ ነበረች። ከአሥር ዓመት በኋላ መለኪያው ወደ 4.45 ከፍ አለ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ዓለም 18 ሚሊዮን የጤና ባለሙያ እንደሚጎድላትም ተገመተ። በኋላ ግምቱ ወደ 10 ሚሊዮን ዝቅ ብሏል። ጉድለቱ የሚከብደው ግን በሽታው በሚከብድበት በእኛው አህጉርና በመሰሎቹ ነው።

የእኛን ጉዞ ለመረዳት ከጎንደር መነሳት ያስፈልጋል። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር የሚልክ ነበር። ሐሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ነበር፤ በየከተማው አንድ ሐኪም ከመጠበቅ ይልቅ ለአገሩ ሁኔታ የሚስማማ ባለሙያ ማፍራት። ሽማግሌዎቻችን ዛሬም በአክብሮት የሚያስታውሱት «ድሬሰር» በበኩሉ ቁስል ሲያጥብና መርፌ ሲወጋ የስንቱን ነፍስ አተረፈ። የሐኪሞች ሥልጠና ግን እስከ 1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ ተወስኖ ቆየ። ከእነዚህ ወጥተው በመንግሥት ሆስፒታል የሚቀሩት ደግሞ ጥቂቶች ነበሩ። ጉዳዩን ያጠኑት ዶክተር ይፍሩ ብርሃን በኢትዮጵያ ሚሌኒየም አካባቢ የሃያ ዓመቱን ሒሳብ ሲያሰሉ፣ ከሐኪሞቹ ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጉት የመንግሥትን አገልግሎት ለቀው ሄደዋል። ከፊሉ ውቅያኖስ ተሻገረ፤ ከፊሉ ወደ ግል ክሊኒክ ገባ። ከፊሉ ደግሞ ለኤች.አይ.ቪ. በመጣው የውጭ ገንዘብ ወደተቋቋሙት ፕሮጀክቶችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ሄደ። አገሩን ሳይለቅ ከበሽተኛው ርቆ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ስለ ስደት ሲወራ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

መንግሥት ለዚህ የሰጠው መልስ ብዛት ነበር። ፖሊሲው በባለሙያዎች ዘንድ «ማጥለቅለቅ» ይባል ነበር፤ በርሜሉ ቢያፈስም አብዝቶ መቅዳት። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ቁጥር በጥቂት ዓመታት በብዙ እጥፍ አደገ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ብቻ 13 አዳዲስ የሕክምና ሥልጠናዎች በአንድ ጊዜ ተጀመሩ። በዓመት ጥቂት መቶ የነበረው ተማሪ ከ3,000 በላይ ሆነ። መምህራኑ በዚያ ፍጥነት አልጨመሩም፤ በአንድ አልጋ ዙሪያ የሚቆሙት ተማሪዎች በዝተው ከኋላ ያለው የበሽተኛውን ፊት እንኳ ሳያይ የሚመለስበት ጊዜ መጣ። ይህን ያየ ሰው ፖሊሲውን ሊያወግዝ ይችላል። እኔ ግን እጥረቱ ያንን ያህል ከባድ እንደነበር እያወቅሁ «ለምን አበዛችሁ» ማለት አልችልም። ጥፋቱ ከማብዛቱ ቀጥሎ የመጣው ነው።

የቀጠለውም አንድም ሰው ያልጠበቀው ነገር ሆነ፦ ሥራ አጥ ሐኪም። ለ1,000 ሰው የሚፈለገው ባለሙያ ገና ሩቅ ሳለ፣ ስድስትና ሰባት ዓመት የተማረ ወጣት ዲግሪውን ይዞ በየጤና ቢሮው ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ይቆማል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ምሥጢሩ ያለው በበጀቱ አሠራር ውስጥ ነው። ተማሪ ተቀብሎ የሚያሠለጥነው በፌዴራል በጀት የሚተዳደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ቀጥሮ ደሞዝ የሚከፍለው ግን በአብዛኛው ክልሉና ወረዳው ነው። ያሠለጠነው መሥሪያ ቤት የቀጣሪውን ካዝና ሳይጠይቅ ያስመርቃል፤ ቀጣሪው ደግሞ «የሥራ መደብ አለ፣ በጀት የለም» ይላል። ዕጣው ቀረ፤ ምደባውም አብሮት ቀረ። ኬንያና ዛምቢያም ከእኛ ቀደም ብለው እዚህ ቦታ ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የመንግሥት ደሞዝ ወጪ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ ሲደረግ፣ ባዶ የጤና ጣቢያዎችና ሥራ የሌላቸው ነርሶች በአንድ አገር ጎን ለጎን ተገኙ። የጤና ባለሙያ እጥረት ሁለት ዓይነት መሆኑን ከዚህ መማር ይቻላል፤ የሰው እጥረትና የደሞዝ እጥረት። መድኃኒታቸው አንድ አይደለም።

አሁን ወደ አንድ ቅጥር ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ወጣት ሴቶችን መደበ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ፣ ከተቻለም ከዚያው ቀበሌ የተመለመሉ ነበሩ። አንድ ዓመት ሠልጥነው ወደ ጤና ኬላቸው ተመለሱ፤ በበጎ ፈቃድ ሳይሆን በመንግሥት ደሞዝ። በጥቂት ዓመታት ከ30,000 በላይ ሆኑ። የመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ያስቆፈሩት፣ አጎበር የሰቀሉት፣ ነፍሰ ጡሯን ከቤቷ አግባብተው ጤና ጣቢያ ያደረሱት እነሱ ናቸው። ኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች የሚሞቱ ሕፃናትን ምጣኔ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጋር ሲነጻጸር በሁለት ሦስተኛ ቀንሳ፣ የሚሌኒየሙን የልማት ግብ ከቀነ ገደቡ ሦስት ዓመት ቀድማ መምታቷ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲበሠር፣ ከዚያ ዜና በስተጀርባ የእነዚህ ሴቶች እግር አለ።

ምልመላው ለምን ሠራ? መልሱን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ገጠር ባለሙያ ባወጣው መመሪያ ላይ በግልጽ ያገኙታል፤ ከገጠር የተመለመለ ገጠር የመቆየት ዕድሉ ሰፊ ነው። እኛ ይህንን መመሪያው ከመውጣቱ በፊት በተግባር አድርገነዋል፤ ልንኮራበት ይገባል። ዕጣ ለሐኪሙ ያላደረገውን፣ ቀበሌው ለኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አድርጎላታል፤ ማን እንደሆነች ያውቃታል።

ነገር ግን ያቺ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ዛሬ የአርባ ዓመት እናት ሆናለች። ሌላ ወረዳ አግብታ ዝውውር ብትጠይቅ፣ ለረጅም ዓመታት መልሱ «አይቻልም» ነበር፤ የተቀጠረችው ለቀበሌዋ ነውና። ትምህርቷን ለማሻሻል ወደ ደረጃ አራት የሚወስደው በር ሲከፈትም ሁሉንም በአንዴ አላስገባም፤ ተራዋን የጠበቀችው ጥቂት አይደለችም። ከእሷ ሥር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሴቶች ልማት ሠራዊት ተዘረጋ፤ በአንድ ለአምስት የተደራጁ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩ፣ ግን አንድ ብር የማይከፈላቸው ሴቶች። ሴት ስለሆነች በነጻ ትሠራለች የሚለው ሐሳብ በዓለም ላይ ሁሉ አለ። ከዓለም የጤናና የእንክብካቤ ሠራተኛ 67 በመቶው ሴት ስትሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳሳዩት ክፍያዋ ከወንዱ በ24 በመቶ ያነሰ ነው። በዚህ ላይ የእኔ አቋም ጠንካራ ነው፦ የሰው ነፍስ የሚያድን መደበኛ ሥራ በየሳምንቱ የምትሠራ ሴት «በጎ ፈቃደኛ» ልትባል አይገባም።

ስለ ክፍያ ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው «ደሞዝ ቢጨመር ይቆያሉ ወይ?» የሚለውን ነው። ማላዊ ጥሩ መልስ ሰጥታለች። እ.ኤ.አ. በ2004 አገሪቱ ባለሙያዎቿ ተሟጠው ሲያልቁባት፣ በብሪታንያና በግሎባል ፈንድ ገንዘብ ለጤና ሠራተኞች 52 በመቶ የደሞዝ ድጎማ ሰጠች፤ ማሠልጠኛዎቿንም አሰፋች። በአምስት ዓመት ውስጥ የባለሙያው ቁጥር ከ5,453 ወደ 8,369 ደረሰ። ስለዚህ ገንዘብ ይሠራል። ገንዘቡ የለጋሽ በመሆኑ ግን፣ ከዓመታት በኋላ በዚያው አገር የተመረቁ ነርሶች ቀጣሪ አጥተው ሲቀመጡ ታየ። ጋና ደግሞ ሌላ ትምህርት አላት። ሐኪሞች ሥራ ካቆሙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተፈቀደው የትርፍ ሰዓት አበል፣ ለሐኪሙ ብዙ ለነርሷ ጥቂት ሆነ። በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ በሽተኛ ላይ አብረው የደከሙ ሁለት ሰዎች በተለያየ ሚዛን ሲመዘኑ ነርሷ ሻንጣዋን አዘጋጀች። አበሉ ቆይቶ በደሞዝ ውስጥ ተጠቃለለ። ሩዋንዳ ክፍያን ከሥራ ውጤት ጋር ያያያዘችበት መንገድም ይጠቀሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ23 በመቶ መጨመራቸው ታይቷል። እኔ በዚህኛው ላይ ጥንቃቄ አለኝ። የሚቆጠረው ሥራ ይጨምራል፤ የማይቆጠረው፣ በሽተኛን ቁጭ ብሎ ማዳመጥን የመሰለው፣ ከፋይ የለውም።

የእኛ ክፍያ ሦስት እግር አለው፦ ደሞዝ፣ ዲዩቲና ከውጭ የሚገኝ ገቢ። ደሞዙ በመንግሥት ሠራተኛ ስኬል የታሰረ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶ አለፈ፤ የጤፍና የቤት ኪራይ ዋጋ አብሮ ሲሄድ ደሞዙ ግን ያንን ያህል አልጨመረም። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ጠቅላላ ሐኪም ወርኃዊ ደሞዝ በዶላር ሲሰላ ሰማንያ ገደማ ነበር። ከውጭ የሚገኘው ገቢ የግል ክሊኒክና በመንግሥት ሆስፒታሎች ውስጥ የተከፈተው የግል ክንፍ ነው። የግል ክንፉ ስፔሻሊስቱን ከሆስፒታሉ እንዳይርቅ አድርጓል፤ ጥቅሙን አልክድም። ነገር ግን በዋና ከተማና በትልልቅ ከተሞች ላለ ቀዶ ሐኪም የጠቀመ መንገድ፣ ከፋይ ደንበኛ በሌለበት ወረዳ ለሚሠራ አንስቴዢስት ምንም አልፈየደም።

ከሦስቱ ዝም ብዬ ማለፍ የማልችለው ዲዩቲን ነው። ዲዩቲ ማለት ቀኑን የሠራ ባለሙያ ሌሊቱንም ሲያድር ነው፤ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ፋሲካ። ክፍያው ከሆስፒታሉ ወይም ከወረዳው በጀት ይወጣል፤ በጀቱም ብዙ ቦታ ዓመቱ ሳይጋመስ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት ሁሉ በዱቤ ይሆናል። የምቀርባት አንዲት አዋላጅ ነርስ ቦርሳዋ ውስጥ ትንሽ የእጅ ደብተር ትይዛለች። በውስጡ ያደረችባቸው ሌሊቶች በቀን ተጽፈዋል፤ የተከፈላት ላይ መስመር ታሰምራለች። ደብተሩን ያሳየችኝ ዕለት ካልተሰመረባቸው ገጾች ይልቅ የገረመኝ ከአንዳንዱ ቀን ጎን ያለው ጽሑፍ ነበር፦ «መንታ፣ ሁለቱም ደህና»፣ «ደም ፈሰሳት፣ ሪፈር»። «የገንዘቡን ብቻ ብጽፍ እመራራለሁ» አለችኝ።

በ2011 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ሐኪሞች ነጭ ገዋናቸውን ለብሰው ጥያቄያቸውን በየሆስፒታሉ ግቢ ያሰሙት፣ በግንቦት 2017 ደግሞ በብዙ ከተሞች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ለዚህ ነው። የጠየቁት ተአምር አልነበረም፦ የሚያኖር ደሞዝ፣ ያልተከፈለ ዲዩቲ፣ ቤት፣ ትራንስፖርት፣ ሲታመሙ በነጻ መታከም። የታመመን የምታክም ነርስ ራሷ ስትታመም የመድኃኒት መግዣ ማጣቷን መስማት ያማል። መልሱ ግን ማስጠንቀቂያ፣ ስንብትና እስራት ሆነ። ሥራ በማቆሙ በሽተኛ መጎዳቱን ማንም አይክድም፤ ሐኪሞቹም አልካዱም። ነገር ግን የድንገተኛ ክፍል ሠራተኛ ሥራ የማቆም መብቱ ሲጠብ፣ ጥያቄውን የሚሰማና በጊዜ ገደብ የሚወስን ሌላ አካል በቦታው መቆም አለበት። እኛ ዘንድ አልቆመም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ ሲሻሻል የአዲስ ዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። እርምጃው በጎ ነው። ጭማሪው የደሞዙን እግር ይነካል፤ የዲዩቲውን ግን አይነካም።

ባለሙያን ለማቆየት መንግሥታት መጀመሪያ የሚያነሱት መሣሪያ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት 70 ያህል አገሮች የግዴታ አገልግሎት እንደሞከሩ ዘርዝሯል። የእኛ መልኩ ዲግሪን ወይም ማስረጃን ይዞ ማቆየት ነበር፤ የተመደብህበትን ጨርስ፣ ወይም ገንዘቡን ክፈልና ወረቀትህን ውሰድ። ግዴታ በራሱ ክፉ አይደለም። በሕዝብ ገንዘብ የተማረ ሕዝብን ማገልገሉ ተገቢ ነው። ታይላንድም እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የሕክምና ምሩቆቿን ለሦስት ዓመት ታስገድዳለች። ልዩነቱ ከግዴታው ጋር አብሮ የሄደው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለዓመታት የከተማ ሆስፒታሎችን ማስፋፊያ በጀት አቁማ ገንዘቡን ወደ ወረዳ ሆስፒታሎች አዞረች። ወጣቱ ሐኪም ሲደርስ የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ መኖሪያ ቤትና የችግር ቦታ አበል ጠበቀው፤ የገጠር ሐኪሞችም የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ጃፓን በዚያው በ1972 ያቋቋመችው የጂቺ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከየአውራጃው ተማሪ ይመለምላል፤ ተመራቂው በመጣበት አውራጃ ዘጠኝ ዓመት ሲያገለግል የትምህርት ብድሩ ይሰረዝለታል። ዘጠኝ ዓመት ረጅም ነው። ነገር ግን ተማሪው ሲገባ ያውቀዋል፤ ሲጨርስም ቃሉ ይፈጸምለታል። የእኛ ሐኪም ሁለት ዓመት ተብሎ ሄዶ፣ ዓመቱ ሲሞላ «ተተኪ እስኪመጣ» ይባል ነበር። ከረጅሙ ዘጠኝ ዓመት ይልቅ መጨረሻው የማይታወቀው ሁለት ዓመት ሰውን ያሸሻል።

ስለ ስደቱ ብዙ ስለተባለ አጭር እሆናለሁ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 የዓለም ጤና ጉባኤ ያጸደቀው ደንብ ሀብታም አገሮች ከፍተኛ እጥረት ካለባቸው አገሮች ባለሙያ በዘመቻ እንዳይመለምሉ ያሳስባል፤ አስገዳጅ ሕግ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ጥበቃ ያስፈልጋቸዋል ተብለው በተዘረዘሩት 55 አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ አለች፤ ብሪታንያም በቀይ መዝገቧ አስፍራታለች። ቀይ መዝገቡ ቀጣሪና ደላላ መጥቶ እንዳይመለምል ይከለክላል፤ ባለሙያው በራሱ ማመልከቱን አይከለክልም። መከልከልም የለበትም። በዲዩቲ ሌሊት ወረፋው ሲቀልላት ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የሥራ ፈቃድ፣ ለፕሮሜትሪክ ፈተና የምታነብ ነርስ አገሯን የጠላች አይደለችም፤ የማንም ንብረትም አይደለችም። ተጠያቂው የራሱን ልጆች በበቂ ሳያሠለጥን ሌላው ያሠለጠነውን የሚወስደው ሀብታም አገር ነው። ከዚያም እኛ፤ በሩን ከመዝጋት በፊት ቤቱን የማናስተካክለው።

ሰው ለገንዘብ ብቻ እንደማይሠራ ለተጠራጠረ የትግራይን የጦርነት ዘመን ማስታወስ ይበቃል። በመቀሌ የዓይደር ሆስፒታል ሠራተኞች ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደሞዝ፣ መድኃኒት በሌለበት፣ ራሳቸው እየተራቡ በሽተኛ አልተዉም። ይህን ያህል ታማኝነት ያለው ሙያ ነው በእጃችን ያለው። ይህ ታማኝነት ግን የበጀት ማሟያ ተደርጎ መታሰብ የለበትም።

ስለዚህ የምጠይቀው ከትልቁ ዕቅድ በፊት የሚመጣውን ነው። ተማሪ ከመቀበሉ በፊት ዩኒቨርሲቲውና ቀጣሪው ክልል በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቁጥር ይስማሙ። ወደ ጠረፍ የሚሄድ ሐኪም የሚመለስበት ቀን በደብዳቤው ላይ ይጻፍለት፤ ያ ቀን ይከበር። የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዝውውር እንደማንኛውም ሠራተኛ ይታይላት። የበጀት ዓመቱ ሲጸድቅም ዲዩቲ እንደ ደሞዝ ቀድሞ ይያዝ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ይህን የሚያነብብ የወረዳ ወይም የሆስፒታል ኃላፊ ካለ፣ በዚያች አዋላጅ ደብተር ላይ ያልተሰመረባቸው ሌሊቶች ይከፈሉ።